ድምፃዊ ለማጀብ የሄደ የጃዝ ድራመር ይመለሳል?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ጽፎ የውይይት ክሩን የከፈተው ወጣት ድራመር ነው። ጃዝ ተምሯል። ከትሪዮና ከኳርቴት (ከሦስትና ከአራት ሰው ባንድ) ጋር ይጫወታል። ሰሞኑን አንድ ስመ ጥር የፖፕ ድምፃዊ ለረጅም የኮንሰርት ጉዞ አብረኸኝ ሥራ ብሎታል። ክፍያው ደህና ነው። አስተማሪው ግን እዚያ ከገባህ እጅህ ይሰንፋል፣ ጃዙም መልሶ አይቀበልህም ብሎ አስፈራርቶታል። ልጁም ግማሽ ልቡ ከአስተማሪው ጋር ነው። ድምፃዊ ጀርባ የሚቀመጥ ድራመር ቴምፖ (የዘፈኑን ፍጥነት) ጠባቂ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለም ሲል ጻፈ። ቀጥሎም ሄዶ የተመለሰ ሰው ካለ በስም ጥሩልኝ አለ።

ነገሩ እኔንም ስለሚያንገበግበኝ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ መሐል ላይም ገባሁበት። የተባባልነውን በየቁጥሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 የትሑት ሰው ነው። ልጁን ለጥያቄው አመስግኖ አንድ ስም ብቻ ጠራ፤ ሮይ ሄይንስ። ሄይንስ ከ1949 እስከ 1952 ከጃዝ ሳክስፎነኛው ቻርሊ ፓርከር ጋር ሠራ። ከ1953 እስከ 1958 ደግሞ የሳራ ቮን ድራመር ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ድምፃዊት አጀበ። እጁ ሰነፈ? በ1958 ከጃዝ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ጋር ነበር። ቋሚ ድራመሩ ኤልቪን ጆንስ በማይኖርበት ጊዜ ሳክስፎነኛው ጆን ኮልትሬን የሚጠራው እሱን ነበር። በ1968 ከቺክ ኮሪያ ጋር በትሪዮ የቀዳውን ዛሬም ድራመሮች ቁጭ ብለው ያጠኑታል። በ2024 በ99 ዓመቱ ሲያርፍ አንድም ሰው ከጃዝ የወጣ ሰው ነበር ብሎ አልጻፈም።

መልስ 2 ተስማምቶ ጂሚ ኮብን ጨመረ። ኮብ በ1959 በማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ላይ የመታው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ድምፃዊቷን ዳይና ዋሽንግተንን አጅቧል፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ሳራ ቮንን ለዓመታት።

መልስ 3 ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ጸሐፊው ሁለቱም ምሳሌዎች ውኃ አያነሱም ባይ ነው። ልጁ የጠየቀው ስለ ፖፕ ድምፃዊ ነው፤ ሳራ ቮን ግን ራሷ የጃዝ ሰው ናት፣ ድምጿን እንደ ሳክስፎን ነው የምትጫወትበት። ከእሷ ጀርባ መቀመጥ ከጃዝ መውጣት ሊባል ከቶ አይችልም። እንደ እሱ አባባል 1 እና 2 ሌላ ጥያቄ ነው የመለሱት። አነጋገሩ ሻከር ቢልም ነጥቡ ትክክል ነበር፤ ክሩን ያቃናውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 4 የ3ን ተግሣጽ ተቀብሎ ወደ ፖፕ ድምፃዊቷ ፔጊ ሊ ሄደ። በ1958 የወጣው «ፊቨር» የፖፕ ዘፈን ነው፣ በየቤቱ የተሰማ። ነገር ግን ጠጋ ብላችሁ ስሙት አለ። ፒያኖ የለም። ነፋስ መሣሪያ የለም። ያለው የጆ ሞንድራጎን ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ አውታር መሣሪያ)፣ ጣት ተፋጭቶ የሚወጣ ድምፅ፣ እና የሼሊ ማን ድራም ነው። በዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ድራመሩ ትንሽ ቢያበዛ ዘፈኑ ይፈርሳል፤ ትንሽ ቢያሳንስ ደግሞ የሚይዘው ያጣል። ሼሊ ማን ከዚያ በኋላ የት ሄደ? በ1960 ሆሊውድ ውስጥ የራሱን የጃዝ ክለብ ከፈተ። ቀን ስቱዲዮ ለፊልምና ለድምፃውያን እየቀዳ፣ ማታ የራሱን ጃዝ ይጫወት ነበር።

4 መጨረሻ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘም ሰው አለ ብሎ ኮኒ ኬይን አነሳ። በ1954 የቢግ ጆ ተርነር «ሼክ፣ ራትል ኤንድ ሮል» ላይ የመታው እሱ ነው። በዓመቱ ከጃዝ ሁሉ ረቂቁን ወደሚጫወተው ወደ ሞደርን ጃዝ ኳርቴት ገባ። በ1968 ደግሞ የቫን ሞሪሰን «አስትራል ዊክስ» ላይ ተገኘ። በሩ ወዲያም ወዲህም ይከፈታል ማለት ነው።

መልስ 5 የጻፉት በዕድሜ የገፉ ድራመር ናቸው። ልጁን ልጄ እያሉ ነው የሚያወሩት። የክሩ እምብርት ለእኔ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቆም ልበልበት።

እሳቸው ስለ ስም አላወሩም። ስለ አንድ ነገር ብቻ አወሩ፤ ድምፃዊ ከምቱ ዘግየት ብሎ ሲዘፍን ድራመሩ ምን ያደርጋል? ጥሩ ድምፃዊ ቃሉን በምቱ ላይ አይጥለውም። ያቆየዋል፣ ይጎትተዋል፣ ከዚያ አንድ ሐረግ ላይ ሮጥ ብሎ ይደርስበታል። ቢሊ ሆሊዴይ በዚህ ወደር የላትም። ጀማሪ ድራመር ድምፃዊቷ ስትዘገይ እያገዛት መስሎት አብሯት ይዘገያል። እሷ የምትዘገየው ግን እሱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው። እሱ ከዘገየ እሷ የምትዘገይበት ነገር የለም፤ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሞታል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከቢሊ ጀርባ የተቀመጠውን ጆ ጆንስን ስማ አሉት። ጆንስ የምቱን ሸክም በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ፣ ከቤዝ ድራሙ፣ አንስቶ በእግር ወደሚከፈቱና ወደሚዘጉት ሁለት የነሐስ ሳህኖች፣ ወደ ሃይ-ሃቱ፣ ካሸጋገሩት ሰዎች ዋናው ነው። ሃይ-ሃቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል፣ ምቱ ይፈስሳል፣ አይጫናትም። እሷ ወደ ኋላ ስትል እሱ ፈቀቅ አይልም።

ቀጥለው አንድ መልመጃ ጻፉ። ዘፈኑን በብራሽ (በሽቦ መጥረጊያ) እየመቱ ግጥሙን በሆድ መዝፈን፣ ሆን ብሎ ከምቱ እያዘገዩ። እጅና አፍ የተለያየ ቦታ እስኪቆሙ ድረስ። ይህን ማድረግ የቻለ ሰው ብቻውን ወጥቶ ከሚጫወት ከማንኛውም ሶሎኛ ጀርባ ተረጋግቶ ይቀመጣል አሉ። ልጁ እዚህ ላይ ገብቶ አመሰገናቸው፤ እርስዎ እያለ።

መልስ 6 የተባለው እውነት ከሆነ ድራመሩ ማንን እየሰማ ነው ታዲያ የሚመታው ብሎ ጠየቀ። መልስ 7 በሁለት መስመር ቤዝ ተጫዋቹን አለ። ጆሮ ድምፃዊው ላይ፣ እጅ ከቤዙ ጋር። አጭር ቢሆንም ሙያውን የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

መልስ 8 የራሱን ገጠመኝ ይዞ መጣ። አንድ ምሽት ድምፃዊው መድረክ ላይ ሁለተኛውን ስንኝ ዘሎ በቀጥታ ወደ አዝማቹ ገባ። ፒያኖው በአንድ ወገን፣ ጊታሩ በሌላ ወገን ቀሩ። ጸሐፊው ስኔሩ (ፊቱ ያለው ትንሹ ከበሮ) ላይ አዝማች የሚያስገባውን የተለመደውን ሙሌት፣ ማለትም ክፍተት የሚሞላውን አጭር የድራም ምት፣ ጠበቅ አድርጎ መታና ሲምባሉን (የነሐስ ሳህኑን) በአዝማቹ መጀመሪያ ላይ አሳረፈው። ሁሉም ተሰበሰበ። ሕዝቡ ምንም አላወቀም። ከመድረክ ሲወርዱም ድምፃዊው ራሱ አላወቀም ነበር።

8 በዚሁ የኤላ ፊትዝጄራልድን የ1960 የበርሊን ኮንሰርት አስታወሰ። ኤላ «ማክ ዘ ናይፍ» መሐል ላይ ግጥሙ ጠፋት። ከራሷ እየፈጠረች፣ ጠፍቶኛል ብላም እየዘፈነች ጨረሰችው፤ ያም ቅጂ ግራሚ አስገኘላት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው፣ ይገባታልም። ከኋላ ጋስ ጆንሰን ድራም ላይ ነበር። እስኪ ደግማችሁ ስትሰሙት እሱን ብቻ ተከተሉት አለ። ቃሉ ሲጠፋ ምቱ ቅንጣት አይነቃነቅም። እሷ እንደ ልቧ የተጫወተችው መሬቱ ስላልከዳት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ሰማሁት፤ ያለው እውነት ነው።

መልስ 9 እሳት ጎርሶ መጣ። ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ታሪክ ነው አለ። ዛሬ የፖፕ ኮንሰርት ማለት ጆሮ ውስጥ ምት እየቆጠረ የሚንጫጫ ክሊክ ነው። ከኮምፒውተር የሚለቀቅ ድምፅ አለ፣ መብራቱና ቪዲዮው ከሱ ጋር ታስሯል፣ ስለዚህ ድራመሩ ፈቀቅ ማለት አይችልም። የትናንቱን ምሽት የዛሬው ይደግመዋል። ማዳመጥ፣ መተንፈስ የምትሉት ሁሉ ተረት ነው፤ ልጁን አታታልሉት ሲል ጨረሰ። 5ን አንጋፋ ናቸው ብሎ እንኳ አላከበራቸውም። አነጋገሩ ከፋኝ፤ ስለ ክሊኩ ግን የተናገረው ሐሰት አይደለም። በትልልቅ መድረኮች ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው።

መልስ 10 በቀጥታ ለ9 ነው የጻፈው፤ በስም አጥለቀለቀው። ኦማር ሃኪም ዌዘር ሪፖርት ከተባለው የጃዝ ባንድ ጋር እየሠራ በ1983 የዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» ላይ መታ። ብራያን ብሌድ የጃዝ ሳክስፎነኛው የዌይን ሾርተር ኳርቴት ድራመር ነበር፤ በ1997 የቦብ ዲላን፣ በ2002 ደግሞ የኖራ ጆንስ አልበም ላይ አለ። ማርክ ጁሊያና በ2016 በቦዊ «ብላክስታር» ላይ ነበር። ቦዊ ያኔ ጃዝ የሚመስል ነገር የሚጫወቱለትን የፖፕ ሰዎች አልፈለገም፤ የጃዝ ባንዱን እንዳለ ነው የወሰደው። ስቲቭ ጋድ በ1975 ለፖል ሳይመን «ፊፍቲ ዌይስ» ላይ የፈጠረውን የስኔርና የሃይ-ሃት ምት ድራም የሚማር ሁሉ ይሞክረዋል። ያ ምት የወታደር ማርሽ ድራም የለመደ፣ ጃዝ የገባው እጅ ሥራ ነው።

10 ስለ መመለስም አንድ ጥሩ ታሪክ አለው። በ1985 የሮክ ድምፃዊው ስቲንግ ብቻውን ሲወጣ ጃዝ ተጫዋቾቹን ብራንፎርድ ማርሳሊስንና ኬኒ ከርክላንድን ወሰደ፤ ድራሙ ላይ ኦማር ሃኪምን አስቀመጠ። ብራንፎርድና ከርክላንድ የሄዱት የብራንፎርድን ወንድም የዊንተን ማርሳሊስን የጃዝ ባንድ ትተው ነበር። ዊንተን በጣም ተከፋ፤ ነገሩም በጃዙ ዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ብራንፎርድ ግን ወዲያው የራሱን ኳርቴት አቆመ፤ ከርክላንድም በ1998 እስኪሞት ድረስ አብሮት ነበር። በሩን የዘጋባቸው የለም።

መልስ 11 ግን አልተረታም። የጠራችኋቸው ሁሉ ከሺህ አንድ ናቸው፤ ስለ ቀሩት ማን ያውራ አለ። ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ባንድ አነሳ። ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት በዲትሮይት ክለቦች ጃዝ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ቀን ቀን ስቱዲዮ ገብተው ዓለም የጨፈረባቸውን ዘፈኖች ቀዱ። ቤኒ ቤንጃሚን፣ ዩሪየል ጆንስ፣ ፒስቶል አለን፤ እነዚህን ድራመሮች ማን በስማቸው ያውቃቸዋል? የአልበም ልባስ ላይ ስማቸው የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። ቤንጃሚን ያኔ ሞቷል፣ በ1969። ጽሑፉ ሲያበቃ ቁጣው ወደ ሐዘን ተለውጦ ነበር። እኔንም አንጀቴን በላው።

መልስ 12 ይህን ሲያነብ ኤርል ፓልመርን አስታወሰ። ፓልመር ራሱን የጃዝ ድራመር አድርጎ ነበር የሚያየው። ነገር ግን በ1949 የፋትስ ዶሚኖን «ዘ ፋት ማን»፣ በ1955 የሊትል ሪቻርድን «ቱቲ ፍሩቲ» የመታው እሱ ነው። በ1957 ከኒው ኦርሊንስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ስቱዲዮውን ኑሮው አደረገው። በ2000 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ለአጃቢዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በር ሲከፍት ከገቡት አንዱ ነው። 12 ይህን ያመጣው 11ን ለማጽናናት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። መልስ 13 ለስቱዲዮ ቀረጻ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው አለ። እንዲህ ከሆነ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢሸጥ ድራመሩ ከሽያጩ አያይም። በአሜሪካ ሕግ የምትቀረው ትንሽ ነገር ብትኖር ከዲጂታል ሬዲዮ ክፍያ ላይ ለአጃቢ ሙዚቀኞች በሙሉ የተመደበችው 2.5 በመቶ ናት፤ ዋናው አርቲስት 45 በመቶ ይወስዳል። መልስ 14 እርማት አከለ፤ ይህ የሚመለከተው አድማጩ ዘፈኑን ራሱ የማይመርጥበትን የዲጂታል ሬዲዮ ስርጭት እንጂ ዘፈን እየመረጡ የሚሰሙበትን መተግበሪያ አይደለም። ስለዚህ ውል ሲፈረም ስለ ቀጥታ ቅጂው፣ ስለ ቪዲዮው፣ ጉዞው ቢሰረዝ ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ መያዝ አለበት አለ። ልጁ ከሰማው ምክር ሁሉ ሳይጠቅመው የማይቀር ይኼ ነው።

መልስ 15 ድንገት ለድምፃዊ የሚስማማ ሲምባል የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ 16 ሳሳ ያለ፣ ጠቆር ያለ ድምፅ ያለው፣ ቶሎ የሚጠፋ ይሻላል አለ፤ ብራሽ ለመጠቀም ደግሞ የስኔሩ ቆዳ ሻካራ ሽፋን ያለው መሆን አለበት፣ ልሙጡ ላይ ሽቦው አይናገርም። መልስ 17 ሁለቱንም ከርዕስ ወጣችሁ ብሎ ገሠጻቸው። እኔ ወጡ አልልም። ሲምባሉ ቶሎ ካልጠፋ ቃል ይበላል።

መልስ 18 እኔ ነኝ። የጻፍኩት ከዚሁ ከሲምባሉ ተነስቼ ነው። ድምፃዊ አንድ ስንኝ ሲጨርስ ይተነፍሳል። ያቺ ትንፋሽ የድራመሩ ቦታ ናት። ሙሌቱ እዚያ ይገባል፤ ቀጣዩ ቃል ከመጀመሩ በፊት ደግሞ መውጣት አለበት። ትልቁ ሲምባል በሚቀጥለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ከወደቀ «ሰ» እና «ሸ» የሚባሉት ድምፆች በሙሉ ይዋጣሉ፣ ሰው ግጥሙን አይሰማም። ይህን ለማድረግ ግጥሙን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ድምፃዊው ዛሬ የት እንደሚተነፍስ መስማት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ትናንት የተነፈሰበት ቦታ ላይ ዛሬ ላይተነፍስ ይችላል። ይኼ ማዳመጥ ጃዝ ካልሆነ ጃዝ የምንለው ምኑን ነው? ክሊክ እንኳ ቢኖር ክሊኩ የት እንደሚመታ ይነግርሃል እንጂ ምን ያህል ጮክ እንደምትል፣ የትኛውን ምት እንደምትተው አይነግርህም። ለ9 ያለኝ መልስ ይኼው ነው አልኩ። 9 አልመለሰልኝም።

መልስ 19 ወደ ልጁ አስተማሪ ዞረ። ተማሪውን በፍርሃት የሚያስር አስተማሪ ራሱ የሚጠራው ያጣ ነው ብሎ ሞለጨው። ይኼ ያለ ቦታው የተወረወረ ድንጋይ ነበር። መልስ 20 በጨዋነት መለሰችለት፤ ድራመር ናት፣ ለሁለት ዓመት ከፖፕ ድምፃዊ ጋር ዞራለች። አስተማሪው ሁሉን አልተሳሳተም አለች። ጉዞ ላይ በየምሽቱ ያው ዘፈን፣ ያው መካከለኛ ቴምፖ ነው። ስትመለስ ፈጣን ስዊንግ (የጃዝ ምት) ላይ ቀኝ እጇ ሁለት ዙር ሳይሞላ ይደነዝዝ ነበር። ሶሎ ላይም ሐሳቧ ቶሎ አለቀ። ወራት ፈጀባት። መፍትሔ ያለችው በየሆቴሉ የላስቲክ ሰሌዳ ላይ ፈጣኑን የሲምባል ምት በየቀኑ መምታት፣ በየደረሱበት ከተማም ማታ ሥራ ሲያልቅ ክለብ ፈልጎ መቀመጥ ነው። ባንዱ ውስጥ ጃዝ የሚወድ ቤዝ ተጫዋች ካለ ደግሞ የድምፅ ፍተሻው ሰዓት ላይ አብሮ መጫወት። ከክሩ ሁሉ እውነቱን ሳያሳምር የተናገረ ሰው ቢባል እሷ ናት።

መልስ 21 የ20ን ጽሑፍ አድንቆ ቴሪ ሊን ካሪንግተንን አነሳ። ብዙ ድምፃውያትን ሰብስባ በ2011 ያወጣችው «ዘ ሞዛይክ ፕሮጀክት» በዘርፉ የጃዝ ድምፃዊ አልበም ተብሎ ግራሚ አሸነፈ፤ የአልበሙ ባለቤት ግን ድራመሯ ናት። ቀጥሎ የሠራችው በድምፅ ሳይሆን በመሣሪያ አልበም ዘርፍ አሸነፈ፤ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። 3 እዚህ ላይ ተመልሶ መጣና ይኼ ምሳሌ ይሠራል ብሎ አጨበጨበ።

መልስ 22 ልጁ ራሱ ነው። ውሉን በ14 ምክር መሠረት አስጽፎ እንደተቀበለ ገለጸ። ስለ ጃዝና ፖፕ አልተከራከረም። የዘፈኖቹን ዝርዝር ተቀብሏል፤ አንደኛው በጣም ዘገምተኛ ባላድ ነው፣ ድራሙ ብቻውን ቆጥሮ ነው የሚያስጀምረው። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ ፈጥኖ ይቆጥረዋል። ምን ላድርግ አለ።

መልስ 23 ከመቁጠርህ በፊት የአዝማቹን የመጀመሪያ መስመር በሆድህ ዝፈን፣ ከዚያ ከሱ ላይ ቁጠር አለው። በእያንዳንዱ ምት መሐልም ሦስት ሦስት ትንንሽ ምት እያሰብክ ቦታውን ሙላ፤ ባዶ ከተውከው እግርህ ይቸኩላል።

5 ግን በመልስ 24 እርማት አደረጉ። ከአዝማቹ አይደለም አሉ። ግጥሙ ላይ ቃል የሚበዛበትን መስመር ፈልግ፣ ድምፃዊው እሱን ሳይንደረደር መዝፈን የሚችልበት ፍጥነት ነው የዘፈኑ ቴምፖ። አዝማች ላይ ቃሉ ረጃጅም ስለሆነ ማንኛውም ፍጥነት ልክ ይመስላል። ቀጥሎ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ ከአራቱ ምቶች በ2 እና በ4 ላይ ብቻ እንዲመታ አድርገው፤ 1 እና 3ን አንተው ያዛቸው። ሲደላደል በየሁለት ባሩ (አራት አራት ምት በያዘው ክፍል) አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመታ አድርግና በብራሽ ተለማመደው አሉት።